ከድራመሩ ጎን ቆሞ ማዳመጥ

በአዲስ አበባ ሙዚቀኞች መካከል ወሬው ወደ ድራመር ከዞረ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን የእጅ ፍጥነትን፣ የሮል (ተከታታይ ፈጣን ምት) ጥራትን፣ ኖታ የማንበብ ችሎታንና ከሜትሮኖም (ከምት ቆጣሪው መሣሪያ) ሳይዛነፉ የመጓዝ ብቃትን ያስቀድማል፤ ሌላው ወገን ደግሞ እጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን ለዛ ከሌለው ድራመር ጋር መጫወት ልፋት ብቻ ነው ይላል። ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ባሉ ቡና ቤቶች ከልምምድ በኋላ ስንቀመጥ ጉዳዩ ደጋግሞ ይነሣል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው የኖርሁት ነገር ስለሆነ ዛሬ በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድሁ። ሥራዬ ቤዝ ጊታር መጫወት ነው። መድረክ ላይ የምቆመው በእግር ከሚከፈቱና ከሚዘጉት ጥንድ ሲምባሎች፣ ከሃይ ሃቱ ጎን ነው፤ ስለዚህ ስለ ድራመር የምፈርደው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያዳምጥ ሰው በተለየ ቦታ ሆኜ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ባስ ድራምና የእኔ ክር እንደ አንድ ድምፅ መሰማት አለባቸው፤ ድራመሩ በእግሩ የሚያደርገውን እኔ በጣቴ ካልደገፍሁት፣ ወይም እሱ እኔን ካልሰማኝ፣ የዘፋኙ ድምፅ የቱንም ያህል ቢያምር ባንዱ አይቆምም።

እኔ እንደምረዳው ቴክኒክ ማለት ድራመሩ ማድረግ የሚችለው ነገር ሁሉ ነው፤ ስልቱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መካከል መርጦ የሚያኖረውና የሚተወው ነው። ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማቆም ትክክል አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ስልታቸው የተወደደላቸው ድራመሮች፣ ቴክኒክ የላቸውም የሚባሉት ሳይቀሩ፣ ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው ሌላው በቀላሉ የማይደርስበት አንድ የእጅ ወይም የእግር ሥራ አላቸው። ጥያቄው ያ ሥራ ለማን ይውላል የሚለው ነው። በእኔ ግምት ታላቅ ድራመር የሚታወቀው እሱ ሲጫወት አጠገቡ ያሉት ሰዎች ከወትሮው ይልቅ አሳምረው በመጫወታቸው ነው።

ድራም ወደ ከተማችን የገባበትን መንገድ ማየት ለዚህ ጉዳይ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» የምንላቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሲያቆሙ፣ ከነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር የማርሽ ድራም ሥርዓትም አብሮ መጣ። ኋላ የተነሡት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያደጉት በዚሁ የወታደር ሙዚቃ ባህል ውስጥ ነው። ይህ ባህል ከድራመር የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ ግራ እጅ ከቀኝ እኩል መሆን አለበት፣ ነጠላውም ድርቡም ምት ርቀቱን ጠብቆ መውረድ አለበት፣ ሮሉ እንደ አንድ ወጥ ድምፅ መሰማት አለበት። አሜሪካውያን እነዚህን ሩዲመንት የሚባሉ መሠረታዊ የእጅ ልምምዶች በ1930ዎቹ 26 አድርገው ደርድረዋቸው ነበር፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው ወደ 40 ከፍ ብሏል። ሕግ ያለው፣ የሚቆጠር፣ መምህር አርሞ ማርክ ሊሰጥበት የሚችል ነገር ነው። ቴክኒክን የሚያስቀድሙት ወገኖች የሚቆሙት እዚህ ላይ ሲሆን፣ አቋማቸው ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ከበሮ ነው፤ ስለ እርሱ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ድራመር ድራም ላይ ከመቀመጡ በፊት ጆሮው የተሠራው ብዙ ጊዜ በከበሮ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን የፒያሳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲነግሥ ማኅሌቱን የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ከበሮው ከተቦረቦረ ግንድ ተሠርቶ በሁለቱም አፉ ቆዳ የተወጠረበት፣ ዙሪያውን በጠፍር የተጠፈረ ነው፤ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሊቃውንቱ ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይመስሉታል። በክረምት ቆዳው እርጥበት ሲስብ ድምፁ ይረግባል፤ ስለዚህ ፀሐይ ወይም እሳት አሙቆት እስኪወጠር ይጠበቃል። ማኅሌቱ በቁም ዜማ ሲጀመር ከበሮ የለም፤ በዝማሜው መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ወደ መረግድ ሲደርስ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋቱ ጭብጨባው ተጨምሮ ዜማው ይፈጥናል። ሁለቱ ከበሮ መቺዎች ከበሯቸውን አንግተው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው ቀና ይላል፣ መዳፋቸው ቆዳው ላይ ከማረፉ በፊት ትከሻቸው ምቱን ጀምሮታል።

እዚህ ላይ አንድ ሙዚቀኛ በጥሞና ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። በማርሽ ባንድም ሆነ በስቱዲዮ ውስጥ ዜማው እየፈጠነ ከሄደ የድራመሩ ጥፋት ነው። በማኅሌቱ ግን ማፍጠን ራሱ ጥበብ ነው። ከመረግዱ መጀመሪያ እስከ ጽፋቱ ድረስ ፍጥነቱ እጅግ ይጨምራል፤ ሆኖም በየትኛው ቅጽበት እንደጨመረ ለመናገር ያስቸግራል፤ ማንም አይደናገጥም፣ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድነት ተሸክመው ያወጡታል። ይህን ለማድረግ መቺው የጸናጽሉን ድምፅ፣ የመሪውን ትንፋሽና የሕዝቡን ጭብጨባ በአንድ ጊዜ መስማት ግድ ይለዋል። መሣሪያው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከመዳፉ ክብደት፣ ከሚያርፍበት ቦታና ከሚጠብቅበት ጊዜ በስተቀር የሚመርጠው ምንም የለም፤ ያም ሆኖ በየደብሩ ሥራውን የለመዱ ሰዎች ውጭ ቆመው በድምፁ ብቻ ማን እየመታ እንደሆነ ይለያሉ። ስልት ያለ ብዙ መሣሪያ እንዴት እንደሚኖር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በችክችካ ነው። ስድስት ንዑስ ምት ያለውን ይህን ሪትም ስድስት ስምንተኛ ብሎ ኖታ ላይ ማስፈር ቀላል ነው፤ የውጭ አገር ድራመር ኖታውን ተቀብሎ በትክክል ሊጫወተው ይችላል፤ ሰውም ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል እንጂ ለእስክስታ አይነሣም። ምክንያቱ ስድስቱ ምቶች ለሁለት ሲከፈሉ ሦስት ሦስት፣ ለሦስት ሲከፈሉ ሁለት ሁለት ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ጎበዝ የአገራችን ድራመር በእግሩ አንዱን ከፈላ ይዞ በእጁ ሌላውን ያሳያል፤ ጨፋሪው ደግሞ ትከሻውን ከፈለገው ጋር ያስኬዳል። በተጨማሪም ስድስቱ ምቶች ፍጹም እኩል ርቀት ላይ አያርፉም፤ ከመካከላቸው አንዳንዱ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል፣ አንዳንዱ ይቀድማል። ለእኔ ለቤዝ ተጫዋቹ ይህ የዘገየው ምት የት እንዳለ ማወቅ የሥራዬ ግማሽ ነው። ትግርኛውን በአምስት ቆጥሮ የሚጫወት፣ ከዚያም ሳይንገዳገድ ወደ ጉራግኛው ፍጥነት የሚገባ ድራመር ሳገኝ ቴክኒኩን ከልብ አደንቃለሁ፤ ይህን ሁሉ ማድረግ ያለ ጠንካራ ልምምድ አይቻልምና።

ከውጭው ዓለም በፍጥነትና በኃይል ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠራው በዲ ሪች ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተወለደው ይህ ሰው ወላጆቹ የመድረክ ተዋንያን ስለነበሩ ገና በሕፃንነቱ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ የነጠላ ምት ሮሉ ፍጥነትና ንጽሕና እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል። የሚገርመው ግን ኖታ አያነብም ነበር። አዲስ ቅንብር ሲመጣ ሌላ ድራመር አንድ ጊዜ ሲጫወተው አዳምጦ ከዚያ ራሱ ይቀመጥበት ነበር። ስለዚህ የቴክኒክ አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው ከሁሉም በፊት የሰላ ጆሮ የነበረው ነው። በሌላው ጫፍ የሮሊንግ ስቶንስ ድራመር የነበረው ቻርሊ ዋትስ አለ። ስኔሩን (ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ጠፍጣፋ ድራም) በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይ ሃቱ ላይ አንሥቶ ዝም ያሰኘው ነበር፤ ይህች አንዲት ጉድለት ስኔሩን ብቻውን አስቀርታ የባንዱን ድምፅ ከሌላው ሁሉ የተለየ አደረገችው። ሪንጎ ስታርም ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተደረደረ ድራም ላይ ስለሚጫወት ፊሎቹ (በሐረግ መካከል የሚያስገባቸው አጫጭር የምት ጌጦች) ባልተለመደ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ብዙ ድራመሮች ሊኮርጁት ሲሞክሩ የሚቸገሩትም ለዚህ ነው። ሰው በአካሉ አፈጣጠር ምክንያት የሚያገኘው ስልት እንዳለ ይህ ያሳያል።

ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ክላይድ ስተብልፊልድ ነው። ይህ የአሜሪካዊው የፈንክ ዘፋኝ የጄምስ ብራውን ድራመር በ1943 እ.ኤ.አ. በቻታኑጋ ተወልዶ ያደገው የፋብሪካና የባቡር ድምፅ እየሰማ ሲሆን፣ ሪትምን ከእነርሱ እንደተማረ ራሱ ይናገር ነበር። ኖታ አላነበበም፤ ትምህርት ቤትም አልገባበትም። በኅዳር 1969 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ በተቀዳ አንድ ሥራ መካከል ባንዱ ሁሉ ዝም ብሎ እሱ ብቻውን ሃያ ሰከንድ ያህል ይጫወታል፤ ያቺ አጭር ቁራጭ ኋላ ላይ በሂፕ ሆፕ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ በሚሆኑ ሥራዎች ውስጥ ሳምፕል ተደርጋ (ከቅጂው ተቆርጣ ተወስዳ) ገብታለች። በዜማው ድርሰት ስሙ ስላልተመዘገበ ከዚህ ሁሉ የሚገባውን ክፍያ አላገኘም፤ ይህም እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

በዚያች ሃያ ሰከንድ ውስጥ ምንም ትርኢት የለም። ቶም የሚባሉትን ድራሞች አይመታም፣ ክራሽ የሚባለው ጯሂ ሲምባልም የለም፣ ፍጥነቱም መካከለኛ ነው። ነገር ግን ግራ እጁን ብቻ ለይቶ ለሚያዳምጥ ሰው አስደናቂ ነገር ይገለጥለታል፤ ከዋናዎቹ የስኔር ምቶች መካከል በጣም ቀጫጭን፣ ከመስማት ይልቅ የሚታወቁ ብቻ የሆኑ ሌሎች ምቶች ተሰግስገዋል። እነርሱን ለማውጣት ስቲኩ ከቆዳው በጣት ስፋት ያህል ብቻ ከፍ ማለት አለበት፤ ዋናው ምት ሲደርስ ግን ያው እጅ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ከፍ ብሎ በሙሉ ኃይል መውረድና ተመልሶ መርገብ ይኖርበታል። ብዙ ወጣቶች ኃይለኛውን ምት ይማሩታል፤ ቀጫጭኖቹን ሲያስገቡ ግን ወይ ይጎላሉ ወይ ጊዜያቸውን ይስታሉ። እነዚያ ቀጫጭን ምቶች ቢወጡ አድማጩ ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ ሰውነቱ ግን መወዛወዙን ያቆማል። ታዲያ ይህ ቴክኒክ ነው ወይስ ስልት? እኔ መለየት አልቻልሁም፤ የሚለይም አይመስለኝም።

ለእኛ በሥጋ የሚቀርበን ቶኒ አለን ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. በሌጎስ ተወልዶ በ2020 በፓሪስ ያረፈው ይህ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ በራሱ ጥረት ድራም ጀምሮ፣ የጃዙን ማክስ ሮች የሃይ ሃት አጨዋወት ከመጽሔት ላይ አጥንቶ፣ ያንን የምዕራብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ከሆነው ከሀይላይፍና ከዮሩባ ሪትሞች ጋር አዋሕዶ የአፍሮቢትን ምት ፈጠረ። የባንዱ መሪ ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ራሱ ያለ ቶኒ አለን አፍሮቢት ባልኖረ ነበር ማለቱ ይነገራል። አራቱ እጅና እግሮቹ አራት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ሲነጋገሩ ይሰማል፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ንግግር አያቋርጥም፣ ድምፁም ሁልጊዜ ዝግ ያለ ነው። የውጭውን ቴክኒክ ወስዶ የቤቱን ሪትም ያስረዘመበት መንገድ በእኛ ከተማ ገና ሙሉ በሙሉ ያልተሄደበት ይመስለኛል።

ያልተሄደበት ስል ጭራሽ አልተሞከረም ማለቴ አይደለም። የዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቸ በለው» በተሰኘው አልበም ላይ ድራመሩ ተማረ ሐረጉ የሚጫወተውን ልብ ብሎ ማዳመጥ በቂ ማስረጃ ነው። የፈንክ እግር አለ፣ በውስጡም የአገር ቤት ሽክሽክታ አለ፤ ድራሙ ከኦርጋኑ ሥር ሆኖ ይሸከማል እንጂ ከላይ አይወጣም። እነዚህ ሰዎች በሆቴል መድረክ ላይ ማታ ማታ ለሚጨፍር ሰው ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በነበረበት ወቅት ደግሞ በር ተዘግቶ ሌሊቱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ያን ያህል ሰዓት ለጨፋሪ የተጫወተ እጅ ትርፉን ሁሉ ይጥላል፤ የሚቀረው ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኪቦርድ ዘመን ብዙ ድራመሮችን ከሥራ አስወጥቷል። ሊን ኤል ኤም አንድና ሮላንድ 808 የተባሉት የድራም ማሽኖች በ1980 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ ዓለም ሁሉ ወደ ማሽን ሲያዘነብል፣ በእኛም የምሽት ቤቶች አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ የሙሉ ባንድ ቦታ ያዙ። ባለቤቶቹ ወጪ ቀነሱ፤ ሕዝቡም ጨፈረ። ማሽኑ ጊዜ አይስትም፤ ይህ ሊካድ አይገባም፤ ቴክኒክ ማለት ጊዜ አለመሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያኔ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ዘፋኙ ስንኙን ትንሽ ሲያዘገይ አይጠብቀውም፤ በማኅሌቱ እንዳየነውም ከሕዝቡ ጋር አይፈጥንም። በአንዳንድ ድራመሮች ላይም የዚህ ዘመን አሻራ ቀርቷል። ችክችካውን ከኪቦርድ ሰምተው ስላደጉ ስድስቱንም ምት እኩል አድርገው ያስቀምጡታል፤ ይህን ለማስተካከል ከእነርሱ ጋር ልምምድ ላይ ብዙ ሰዓት አብረን እንቀመጣለን።

ፒያሳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝ አምባ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከመውደሙ በፊት፣ ድራመርን በቅርብ ለማየት ምቹ ነበር። እዚያ ሆኜ ያስተዋልሁት ነገር ዛሬም መለኪያዬ ነው። ሶሎ ሲደርስ ሁሉም ድራመር ጎበዝ ነው፤ ጭብጨባም አያጣም። ልዩነቱ የሚወጣው ትዝታ ሲጀመር ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ በምትና በምት መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይከፈታል፣ ስቲክ ተቀምጦ ብራሽ (ጫፉ እንደ መጥረጊያ የተበተነ የሽቦ መምቻ) ይነሣል። ትዕግሥት የሌለው እጅ ያንን ባዶ ቦታ መሙላት ይጀምራል፤ አንድ ሮል፣ አንድ የሲምባል ምት፣ አንድ ትንሽ ፊል ይጨምራል፤ ዘፋኙም ለራሱ ያስቀመጠው ቦታ ተይዞ ያገኘዋል። ታላቁ ድራመር ብራሹን ስኔሩ ላይ በክብ እያዞረ፣ ድምፁ ሳይቋረጥና ሳይጎላ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ይጠብቃል፤ እዚያ ላይ በእግሩ አንድ ለስላሳ ምት ያኖራል። ያቺ ምት ስትመጣ እኔም ክሬን የት እንደምነካ አውቃለሁ፤ ሳንነጋገር አብረን እናርፋለን። ዘገምተኛ ብራሽ ያለ መንቀጥቀጥ ማዞር ደግሞ ከፈጣን ሮል ያላነሰ የእጅ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ቴክኒኩ የት እንደገባ የሚታየው እዚህ ነው።

በስልክ በሚሠራጩ አጫጭር ቪዲዮዎች የሚማሩ ወጣት ድራመሮች ዛሬ በከተማው እየበዙ ነው፤ እጃቸው በዚያ ዕድሜ እኛ ካየነው እጅግ የላቀ ነው፤ ደስም ይለኛል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ቢኖር የልምምዳቸውን ግማሽ ለዝግታ እንዲሰጡት ነው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 50 ላይ አድርገው ችክችካውን በቀስታ ይጫወቱ፤ ከዚያ ሜትሮኖሙን አጥፍተው የማኅሌት ቅጂ ይክፈቱና ከመረግድ እስከ ጽፋት በአንድ ስኔር ብቻ አብረው ይጓዙ፤ መቺዎቹ የሚያፈጥኑበትን ቦታ ቀድሞ መገመት እስኪችሉ ድረስ ይደጋግሙት። ቤዝ ተጫዋች ካላገኙ ደግሞ የቤዙን መስመር በአፋቸው እያንጎራጎሩ ባስ ድራሙን ይርገጡ፤ ማንጎራጎሩ የተቋረጠበት ቦታ ላይ እግራቸው ከሌላው ሰው ጋር መሄድ የተወበትን ምት ያገኙታል።